ለአባዬ ጥቅምት አይመቸውም

የግንቦት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ደብረ ብርሃን ግንቦትም ሆኖ ብርዷን አልተወችም፤ ሠናይት ከብርድ ልብሷ ውስጥ አፍንጫዋንና ስልኳን ብቻ አውጥታ ተኝታለች። ከእህቷ ከሰላማዊት የድምፅ መልእክት መጥቷል። አራት ደቂቃ! ሰላማዊት ደግሞ አራት ደቂቃ የምታወራ ሰው አይደለችም እኮ። ዱባይ የሴቶች ፀጉር ቤት መሥራት ከጀመረች ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሁሌም «ደህና ናችሁ? ሥራ ላይ ነኝ፣ ቻው» ብላ ነው የምትዘጋው።

የዛሬው ግን ሌላ ነበር።

«ሠኒዬ፣ ስሚኝማ። አባዬን ለአስር ቀን ላመጣው ነው። ለሥራ አይደለም፣ ለሕክምናም አይደለም፣ እንዲሁ እንዲዝናና። በዕድሜው አንድ ቀን እረፍት ወጥቶ ያውቃል? አንድ ሰው አብሮት ይምጣ፣ ብቻውን ከሆነ ኤርፖርት ውስጥ ይጠፋብኛል። ወቅቱን ግን ራሱ ይምረጥ። ከግንቦት እስከ መስከረም አይሆንም፣ እዚህ እሳት ነው፣ ሰው ከቤት አይወጣም። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት ግን ገነት ነው በቃ! ከዚያ ውስጥ ለእርሻው የሚመቸውን ጠይቂልኝ። ፈቃድ የሚከፋፈለው አሁን ነው፣ አንዴ ካስመዘገብኩ ደግሞ መቀየር የለም።»

ሠናይት ከአልጋዋ ዘለለች።

«ሣሪ! ተነሺ! ዱባይ ልሄድ ነው!»

ሣራ አብራት ክፍል የተከራየች የክፍል ጓደኛዋ ናት። ሁለቱም አስረኛ ክፍል ናቸው፣ ሁለቱም ከአንኮበር በኩል ነው ለትምህርት የመጡት። ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «የሚሄደው አባትሽ ነው» አለች። «እኔም ሰምቻለሁ፣ ግድግዳውም ሰምቷል።»

«አንድ ሰው አብሮት ይምጣ አለች እኮ! አንድ ሰው ማለት እኔ ነኛ!»

በቃ፣ ከዚያ በኋላ ሠናይትን የሚይዛት ጠፋ። ባሕር አይታ አታውቅም፤ ባሕሩ ዳር ቆማ ንፋሱ ፀጉሯን ሲበትነው ታያት። የፀሐይ መነጽር አደረገች (በሐሳቧ ማለት ነው)፣ ያ ሰማይ የሚነካው ሕንፃ ሥር ተነሣች፣ ፎቶውን ለቀቀች፣ ክፍል ውስጥ የሚያናድዷት ልጆች በሙሉ አይተው አበዱ። ይሄ ሁሉ የሆነው ፊቷን እንኳን ሳትታጠብ ነው።

አባቷ አቶ ጣሰው እንደ ሁልጊዜው አራት ሰዓት ላይ ደረሰ። ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ የሳምንት ስንቋን ያመጣላታል፤ እንጀራ፣ ሽሮ፣ የገብስ ቆሎ። ኩርሲው ላይ ቁጭ ብሎ መልእክቱን ሁለት ጊዜ ሰማው። በሁለተኛው ላይ ጋቢውን ወደ አፉ ሳብ አደረገ። ሲስቅ እንዳይታይበት ነው፣ ሠናይት ታውቀዋለች።

«ይቺ ልጅ አበደች እንዴ?» አለ።

«አላበደችም አባዬ! መቼ እንሂድ?»

አባቷ በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ። እነሱ አገር፣ ከአንኮበር በላይ ያለው ደጋ፣ የሚኖረው በበልግ ነው። የካቲት ላይ ዝናቡ ሲመጣ ገብስ ይዘራል፣ ሐምሌ ላይ ይታጨዳል። የክረምቱን እህል ውርጭ ስለሚመታው ማንም ብዙ ተስፋ አይጥልበትም። ያች የየካቲት ዝናብ ካመለጠች ዓመቱ አመለጠ ማለት ነው።

«ከጥር ወዲያ አይሆንም» አለ ጣቱን እያጠፈ። «ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ ማን ያውቃል። የጥቅምት መጨረሻ ነው ደጉ። እህሉ ገብቷል፣ በሬው አርፏል፣ እኔም እጄን አጣጥፌ ነው የምቀመጠው። በዚያ ላይ ሰላማዊትም ጥቅምት ጥሩ ነው ብላለች።»

«ጥቅምት?» አለች ሠናይት። «ጥቅምት እኮ ትምህርት አለኝ።»

«አንቺማ ትማሪያለሽ። እኔ ከታደለ ጋር እሄዳለሁ።»

ታደለ የአክስቷ ልጅ ነው፣ ደብረ ሲና ጎሚስታ ቤት አለው።

«ታደለ?! ታደለ ዱባይ ሄዶ ምን ይሠራል? ጎማ ሊነፋ? እንግሊዝኛ እንኳን አያውቅ!»

«አንቺስ ታውቂያለሽ?»

«አባዬ!»

ሣራ ብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና ሳቀች።

አባቷ ስልኩን እንደ ብርጭቆ በሁለት እጁ ያዘው፣ ሠናይት መቅጃውን ተጫነችለት፣ እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ ተናገረ። «ሰላም ልጄ፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ፣ እድሜ ይስጥሽ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ይሁን። ጥርና የካቲት ግን እርሻ ስላለ አልችልም። እናትሽ ደህና ናት። ላሟ ወልዳለች። ጨረስኩ።» ከዚያ ስልኩን መለሰላትና፣ «ሄደ?» አላት።

አልሄደም። ድምፁ ስክሪኑ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ በአንድ በኩል የሚላክበት፣ በሌላ በኩል የሚጠፋበት ምልክት። የሠናይት አውራ ጣት መሃል ላይ ቆመ። አንድ ሰከንድ ነው፣ ምናልባት ሁለት። ከዚያ አጠፋችው።

«ሄደ» አለች።

አባቷ ወደ ገበያ ሲወጣ በጽሑፍ ላከች። «ለአባዬ ጥቅምት አይመቸውም። የጥር መጨረሻ ነው የሚመቸኝ ብሏል። አብሬው የምመጣው እኔ ነኝ፣ የግማሽ ዓመት እረፍት ላይ ነን።» ሰላማዊት ወዲያው ሦስት ቀይ ልብ ላከች። «እሺ! አስመዘገብኩ!»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ለአባቷ፣ «አሠሪዎቿ ጥቅምትን ከለከሏት። የጥር መጨረሻ ካልሆነ ፈቃድ የለም አሏት። ያኔ ደግሞ እኔ እረፍት ላይ ነኝ፣ አብሬህ እሄዳለሁ» አለችው። አባቷ የስንቁን ከረጢት መሬት አስቀመጠ።

«ለምናቸው ነበር?»

«በጣም ለምናለች።»

«እንግዲህ ምን ታድርግ፣ የሰው አገር ነው። የካቲት ስድስት ከተመለስን እንደርሳለን። ዝናቡ ከኪዳነ ምሕረት በፊት ብዙም አይመጣም።»

አባቷ ከሄደ በኋላ ሣራ አፈጠጠችባት። «አታፍሪም አንቺ?»

«ምን አጠፋሁ? ወር ነው የቀየርኩት፣ ሰው አልገደልኩ!» አለችና ሳቀች። የምር ነው የሳቀችው። ያን ጊዜ ሆዷ ውስጥ ምንም አልነበረም፣ ደስታ ብቻ።

*

ጥር ሃያ አራት፣ ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ጋሼ ባየው መንደር ወዳለው ቤታቸው ሊሰናበቷቸው መጡ።

ጋሼ ባየው ጎረቤታቸው ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ሴቶች ልጆቻቸው ሩቅ ተድረዋል፣ አንድ ጉልበታቸው ያማቸዋል። የሠናይት አባት ያለው በሬ አንድ ነው፣ የሳቸውም አንድ። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ስለዚህ ሁለቱን በሬዎች ያጣምዱና አንድ ቀን የጣሰውን ማሳ፣ በማግስቱ የባየውን ያርሳሉ። መቀናጆ ነው የሚባለው። ሠናይት ራሷን ካወቀች ጀምሮ እንዲህ ነው፤ በሬዎቹ ራሳቸው ተራቸውን የሚያውቁ ይመስላታል።

«ታዲያ ጣሰው፣ ዱባይ ሄደህ ሱሪህን ቀይረህ እንዳትመጣ» አሉ ጋሼ ባየው ድንጋይ ላይ እየተቀመጡ። «በሬው አያውቅህም።»

«በሬው በጠረኔ ነው የሚያውቀኝ፣ በሱሪዬ አይደለም!»

ተሳሳቁ። ከዚያ አባቷ ፊቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ፣ «ዝናቡ ምናልባት ከቀደመ ግን ጋሽ ባየው…» አለ።

«አይቀድምም።»

«ከቀደመ ማለቴ ነው። እርሻዬን አደራ።»

ጋሼ ባየው ከድንጋዩ ተነሡ። ጉልበታቸውን ይዘው፣ ቀስ ብለው፣ ግን ተነሡ። እነሱ አገር አደራ ተቀምጠው አይቀበሉም። «ተቀብያለሁ» አሉ። «አንተ ልጅህን አይተህ ና።»

ሠናይት በር ላይ ቆማ ጥፍሯን ቀለም እየቀባች ነበር። ሁሉንም ሰማች፣ ምንም አልመሰላትም።

*

ዱባይ… ወይኔ ዱባይ! ሹፌር የሌለው ባቡር! መሬቱ ላይ ፊትሽ የሚታይበት የገበያ አዳራሽ! ሠናይት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት አፏን ከፍታ ነው ያሳለፈችው። አየሩ እንደተባለው ገነት ነው፣ የጥር ፀሐይ ሳታቃጥል የምትዳብስ። ሰላማዊት ከአራት ሴቶች ጋር በምትኖርበት ቤት ያላትን ክፍል ለአባቷና ለእህቷ ለቅቃ፣ ራሷ ጓደኛዋ ጋ መሬት ላይ ነበር የምትተኛው፤ ይህን ሠናይት ያወቀችው ዘግይታ ነው።

አባቷ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሰው ደረጃ ላይ ሲወጣ መደገፊያውን በሁለት እጁ ይዞ ዓይኑን ጨፈነ። ነጭ ጋቢውን እንደለበሰ ነበር። ሰዎች ዞር ብለው አዩት። ሠናይት መጀመሪያ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አስር እርምጃ ቀደመችው፤ ጫማ የምታይ መስላ የአንድ ሱቅ መስታወት ላይ ተለጠፈች። በመስታወቱ ውስጥ ሰላማዊት የአባቷን እጅ ይዛ ስትሄድ አየች። ጆሮዋ ጋለ። እንዲህ ያለ ነገር አድርጋ አታውቅም፣ እንዴት እንዳደረገችውም አታውቅም።

ሌላም ጭንቀት ነበረባት። ያቺ የጥቅምት ነገር። ሰላማዊትና አባቷ አንድ ላይ በተቀመጡ ቁጥር መሃላቸው ትገባለች። እራት ላይ ሰላማዊት «የሚገርምህ አባዬ፣ ጥቅምት ቢሆን ኖሮ—» ስትል፣ ሠናይት ጮክ ብላ «ሰሊ! ያ ሕንፃ ስንት ፎቅ ነበር ያልሽኝ?» አለች። በዚያች ማታ ብቻ የሕንፃውን ፎቅ ሦስት ጊዜ ጠየቀች።

«ልትገዥው ነው እንዴ?» አለቻት ሰላማዊት።

በአራተኛው ቀን እናቷ እማዋይሽ ደወለች። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነበር።

«ዝናቡ መጣ!» አለች እናቷ። «ከትናንት ጀምሮ አላቆመም። እንዴት ያለ ዝናብ መሰለህ!»

አባቷ ከአልጋው ጫፍ ተነሣ። «ጋሽ ባየው ምን እያደረጉ ነው?»

«እያረሱ ነዋ።»

«የማንን?»

«ያንተን። አደራ ብለሃቸው!»

«የራሳቸውን ያስቀድሙ በያቸው እንጂ እማዋይሽ!»

«አልኳቸው! ሁለቴ አልኳቸው። ‹ጣሰው መጥቶ ማሳውን ጦም አድሮ ካገኘው በምን ዓይኔ አየዋለሁ› ብለው አሻፈረኝ አሉ። ሌላ ሰው እንዳይረዳቸው ሰው ሁሉ በየማሳው ላይ ነው።»

አባቷ መስኮቱ ጋ ሄደ። ውጪ አንድ ጠብታ ዝናብ የለም። ሰላማዊት ከኋላው ትከሻውን ይዛ፣ «አባዬ አይዞህ» አለችው። «ትኬቱን መቀየር ቢቻል በቀየርኩልህ። ምን ይደረግ፣ አንተው የመረጥከው ጊዜ ነው።»

አባቷ ዞሮ አያት። ለረጅም ጊዜ አያት። ሠናይት አሁን ይጠይቃል፣ አሁን «መቼ መረጥኩ?» ይላል ብላ ጠበቀች። አባቷ ግን የልጁን እንጀራ እየበላ ከልጁ ጋር የሚከራከር ሰው አይደለም። ጋቢውን አስተካከለና «ልክ ነሽ» አለ።

ሠናይት መናገር የነበረባት ያኔ ነው። ሦስቱም አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ይልቅ ሽንት ቤት ገብታ በሩን ቆለፈች፣ ቧንቧውን ከፈተች፣ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ውኃው በከንቱ ሲፈስ አየች።

በማግስቱ ባሕር ዳር ሄዱ። ያ ስታልመው የነበረው ባሕር! አባቷ ጫማውን በእጁ ይዞ አሸዋው ላይ ቆመ። «እዚህ ዝናብ ይዘንባል?» ብሎ ጠየቀ። ሠናይት ብዙ ፎቶ አነሣች። እና ደስ አላት፤ ይሄ ነው የሚያናድደው፣ ሁሉን እያወቀችም ውኃው እግሯን ሲነካው በደስታ ጮኸች።

*

የካቲት ስድስት አገራቸው ሲደርሱ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ዝናቡ ካቆመ ሁለት ቀኑ ነው።

አባቷ ቤት ሳይገባ፣ ሰላማዊት የሰጠችውን ላስቲክ ከረጢት እንደያዘ፣ ወደ ማሳው ሄደ። ሠናይትም ተከተለችው። የነሱ ማሳ በሙሉ ታርሶ፣ ተዘርቶ፣ አፈሩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቡቃያ ብቅ ብቅ ብሏል። ከድንበሩ ማዶ ያለው የጋሼ ባየው ማሳ ደግሞ አምና ገብሱ እንደታጨደ ነው፤ ቆረኑ፣ የአገዳው ጉቶ፣ እንደቆመ፣ መሬቱ እንደነጣ። አንድ ጥግ ላይ ብቻ አራት አምስት ትልም ተጀምሮ ቀርቷል።

ጋሼ ባየው ጉልበታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ በዱላ እያነከሱ መጡ።

«እንኳን ደህና መጣህ! ማሳህን አየኸው? አምሮልሃል አይደል?» አሉ። እንደ ምሥራች ነው የተናገሩት።

«ጋሽ ባየው…» አለ አባቷ። «ምን ሆነው ነው እርስዎ?»

«ምንም። የኔንም ልጀምር ስል ይቺ ጉልበት አበጠች፣ ዝናቡም ሄደ። ተመልሶ ይመጣል፣ ገና የካቲት መጀመሪያ ነው።»

አባቷ በማግስቱ ሁለቱን በሬዎች ጠምዶ የሳቸውን ማሳ ማረስ ጀመረ። መሬቱ ግን ደርቆ ነበር፣ ሞፈሩ ሁለቴ ተሰበረ። በደረቁ ዘሩበት፣ ነገ ይዘንባል ብለው። ነገ አልዘነበም። ኪዳነ ምሕረትም አለፈ፣ አልዘነበም። ዘሩን እርግብ ለቀመው። ለተዘራው ቡቃያ የሚበቃ ካፊያ አልፎ አልፎ ጣል ይላል፣ አዲስ ዘር የሚያበቅል ዝናብ ግን አልተመለሰም።

«የዚህ ዓመት ገብስ የሁለታችን ነው» አላቸው አባቷ።

«መጀመሪያ ይድረስ» አሉ ጋሼ ባየው፣ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው። መቀበል ከብዷቸው ነበር። አደራቸውን የጠበቁ ሰውዬ የሰው እጅ ጠባቂ ሊሆኑ ነው።

ሠናይት ደብረ ብርሃን ተመለሰች። ፎቶዎቹን አልለቀቀችም። ሣራ «ያ ሁሉ ፎቶ የት ገባ?» ስትላት «ስልኬ ሞላ» አለች፤ ያው ሌላ ውሸት። ቅዳሜ አባቷ ስንቅ ይዞ ሲመጣ ዓይኑን ማየት አቃታት። የሰላማዊት መልእክት ሲመጣ «አባዬ፣ ሰሊ ልካልሃለች» ትለዋለች። «ደህና ናት?» ይላል፣ ሳይሰማው ከረጢቱን አጥፎ ይወጣል። መልስም አይልክም። አንድ ቅዳሜ፣ ሁለት ቅዳሜ፣ እንዲህ እያለ ሁለት ወር ሆነ።

*

ለፋሲካ ወደ ቤት ሄደች። መንገዱ የሚያልፈው በማሳዎቹ መሃል ነው። የአባቷ ገብስ እስከ ጉልበት ደርሶ በንፋሱ ይተኛል ይነሣል። የጋሼ ባየው ማሳ ነጭ ነው። ድንበሩ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። መንደሩ ሁሉ በዚያ ያልፋል፣ መንደሩ ሁሉ ያያል።

ጥፋተኛዋንም መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሰላማዊት ናት።

«የገበሬ ልጅ ሆና!» አለች እናቷ በፋሲካ ማለዳ፣ የዶሮውን ድስት እያማሰለች። «አባቷን በዘር ወቅት የምትጠራ ልጅ ታይቶ ይታወቃል? አሠሪዎቼ ከለከሉኝ አለች፤ እሺ ይከልክሉ፣ ዓመት ቆይታ አትጠራውም ነበር? ይባስ ብላ ደግሞ አንተው ነህ የመረጥከው ብላ ፊቱ ላይ ዋሸችው። ሰባት ዓመት ሰው አገር ኖራ ልቧ ተቀየረ። ተዪኝ!»

«እማዬ፣ ሰሊ እኮ…»

«ምን ሰሊ?»

«ምንም።»

አባቷ መደቡ ላይ ተቀምጦ የጋቢውን ጫፍ ያጥፋል፣ ይዘረጋል።

ረፋዱ ላይ የሠናይት ስልክ በቪዲዮ ጥሪ ጮኸ። ሰላማዊት ናት። ሠናይት ስልኩን ለአባቷ ዘረጋችለት። አባቷ በእጁ መለሰው። «አንቺ አናግሪያት። ደህና ነው በያት።»

ኔትወርኩ የሚይዘው ጓሮ፣ ከአጥሩ ጋ ነው። ወጣች። ሰላማዊት ለበዓሉ ፀጉሯን ተሠርታለች፣ ዓይኗ ግን አብጧል።

«አባዬስ?»

«ደ… ደህና ነው። ከብቶቹ ጋ ወርዷል።»

«ሠኒ፣ አትዋሺኝ። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቃል አልላከልኝም። ምን አጠፋሁ? ክፍሉ ጠቦት ነው? ሰው ስላየው አፍሮብኝ ነው? ቀን ቀን እየሠራሁ ብቻችሁን ስለተውኳችሁ ነው? ንገሪኝ፣ በእናትሽ ንገሪኝ። እኔ እኮ ደስ እንዲለው ብዬ ነው። ሰባት ዓመት እሱን ሳስብ ነው የኖርኩት።»

ከዚያ አለቀሰች፤ አፏን በእጇ ይዛ፣ ድምፅ ሳታሰማ። ሠናይት እህቷ ስታለቅስ አይታ አታውቅም። ሰላማዊት እኮ የማታለቅሰዋ ናት!

ሠናይት ራሷን ስታገኘው ቤት ውስጥ መሃል ወለል ላይ ቆማለች። መስመሩ ይቆራረጣል፣ ግን አልተዘጋም።

«እኔ ነኝ» አለች።

እናቷ ከድስቱ ቀና አለች። «ምን አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ሰሊ አይደለችም። ሰሊ አባዬ ወቅቱን ይምረጥ ነው ያለችው። አባዬ ጥቅምት ብሎ ተናገረ፣ እኔ ድምፁን አጠፋሁት። ለሷ ጥር ብሏል አልኳት፣ ለአባዬ ደግሞ ጥቅምት ተከለከለች አልኩት። ማንም አልከለከላትም። በጥቅምት ከሆነ ታደለ ነበር የሚሄደው። እኔ መሄድ ፈልጌ ነው።»

ይህንን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው ያለችው። ሲያልቅ ድስቱ ብቻ ይንተከተካል። ከስልኩ ውስጥ የሰላማዊት ድምፅ ራቅ ብሎ መጣ። «ምን አለች? አልሰማሁም… ምን አለች?»

አባቷ ተነሥቶ ስልኩን ከእጇ ወሰደው። «ሰላም» አለ። «ልጄ… ሰምተሻል? እኔ… ይቅር በይኝ ልጄ።» ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለና ወደ ጓሮ ወጣ። ከግድግዳው ጀርባ ለረጅም ጊዜ ተሰማ፤ አባቷ የገዛ ልጁን እየደጋገመ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ ስለ ሁለት ወር ዝምታው። ሠናይት ጆሮዋን መድፈን ፈለገች። ያጠፋችው እሷ፣ ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ።

እናቷ አልመታቻትም፣ አልሰደበቻትም። ማማሰያውን አስቀምጣ አየቻት ብቻ፣ የማታውቀው ልጅ ቤቷ የገባች ይመስል።

አባቷ ሲመለስ ስልኩን መደቡ ላይ አኖረው።

«ሰሊን ላናግራት?» አለች ሠናይት።

«አሁን ላናግራት አልፈልግም ብላለች።» ተቀመጠ። «ጋሽ ባየው ለምሳ ይመጣሉ። ሂጂና ይዘሻቸው ነይ፣ ጉልበታቸው አልዳነም። መንገድ ላይ አንቺው ንገሪያቸው። እኔ አልነግርልሽም።»

*

ጋሼ ባየው በራቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። የፋሲካ ልብሳቸውን ለብሰዋል፣ የታጠበ፣ የነጣ። ሲያዩዋት ፊታቸው በራ።

«እንኳን አደረሰሽ! የዱባይዋ!»

«እንኳን አብሮ አደረሰን ጋሼ። ምሳ… ምሳ ቀርቧል ብለዋል።»

አንድ እጃቸውን ዱላቸው ላይ፣ ሌላውን ትከሻዋ ላይ አደረጉ፣ ጉዞ ጀመሩ። መንገዱ በማሳቸው ዳር ነው። ሠናይት ከዚህ ዛፍ በኋላ እነግራቸዋለሁ አለች፤ ዛፉ አለፈ። ከዚያ ድንጋይ በኋላ አለች፤ ድንጋዩም አለፈ። ነጩ መሬት ጋ ሲደርሱ እግሯ ራሱ ቆመ።

«ምነው? ደከመሽ እንዴ? የምደገፍሽ እኔ፣ የሚደክምሽ አንቺ?»

ነገረቻቸው። በዚህኛው ጊዜ በአንድ ትንፋሽ አልወጣላትም። ቃሉ አንድ አንድ እያለ ነው የወጣው፣ በየመሃሉ እየዋጠች። ጥቅምት የሚለው ላይ ስትደርስ የጋሼ ባየው እጅ ከትከሻዋ ተነሣ።

በዱላቸው ብቻ ቆሙ። ማሳቸውን አዩ፣ ከዚያ የነጣሰውን ገብስ፣ ከዚያ መልሰው ማሳቸውን። እርግብ አሁንም ትልሙ ውስጥ ይለቅማል፤ ምን እንደቀረው እንጃ።

«ሰው ሰላማዊትን ሲወቅስ እኔ አባትሽን ነበር የታዘብኩት» አሉ። «በልቤ። ‹የዘር ወቅት እያወቀ ለሽርሽር ብሎ ሄደ› ብዬ። አፌን አውጥቼ አልተናገርኩም እንጂ በልቤ ብያለሁ።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

ሠናይት አንገቷን ደፋች። እሳቸውም! ይቅርታ የሚጠይቀው ሰው ሁሉ ያልበደለው ነው።

«ታዲያ ደስ አለሽ?» አሏት።

የሚያላግጡባት መሰላት። ቀና ብላ ስታያቸው ግን እያላገጡ አልነበረም። የምር ነው የጠየቁት።

«እ?»

«እዚያ ዱባይ። ባሕሩ፣ ሕንፃው፣ ምናምኑ። ደስ አለሽ ወይ?»

አልተደሰትኩም ልትል ፈለገች። ሁሌ እናንተን ሳስብ ነበር፣ እንቅልፍ አልወሰደኝም ልትል። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ያ ባሕር ትዝ አላት፣ ቀዝቃዛው ውኃ፣ ያ ጩኸቷ።

«አዎ» አለች። ድምፅዋ አልወጣም፣ ደገመችው። «አዎ። በጣም ደስ አለኝ።»

በሕይወቷ እንደዚያ ያሳፈራት ቃል የለም። ማጥፋቷን ስትናገር እንኳን እንደዚህ አልሆነችም።

ጋሼ ባየው «እህ» አሉ ብቻ። ከዚያ እጃቸውን መልሰው ትከሻዋ ላይ ጣሉ፤ ከቅድሙ ከበድ ያለ መሰላት። «በይ ሂጂ፣ ምሳው ይቀዘቅዛል።»

ቀስ እያሉ ሄዱ። ከቤቱ ደጃፍ አባቷና እናቷ ወጥተው ቆመው ያዩአቸዋል። ሠናይት ክብደታቸውን ተሸክማ፣ ፊቷ እየነደደ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ፣ የሳቸውን እግር እርምጃ በእርምጃ እየጠበቀች ወደነሱ ሄደች።